ስሟን የጻፍኩበት ወረቀት

ደሴ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካዲስ፣

ዜናው የደረሰኝ ሰኞ ነው። ሰላምታውን ዘልዬ ከዚህ የጀመርኩት የጠየቅሽኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው። ደግሞም ሰላምታ ከጻፍኩ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ሊኖርብኝ ነው። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ቀደድኩት። ይቅር በዪኝ።

ጥቅምት 18 ቀን ነበር። ሰኞ ገበያ ጎመኔን ዘርግቼ ካሮት እያጠብኩ ነበር። ከደሴ ዙሪያ የሚያመጡልኝ ካሮት አፈሩ ቶሎ አይለቅም፤ ውሃው ደግሞ ጣት ያደነዝዛል። አንዲት ሴት ፊቴ መጥታ ቆመች። ገበያተኛ መስላኝ «ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?» አልኳት።

«የኢስራ እናት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ሻርፗን አፏ ላይ ይዛለች። ልጄ ኮምቦልቻ የተከራየችበት ቤት ባለቤት ናት። ደህና ነገር ቢሆን በስልክ ይነገር ነበር፤ ለደህና ነገር ሰው ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ አይወጣም። ገና ሳትናገር ገባኝ። ገብቶኝም ካሮቱን ማጠቤን አላቆምኩም። «ትንሽ አሟት ነበር» አለች። ደግማም «ትንሽ አሟት ነበር» አለች። ሦስተኛውን አላስጨረስኳትም።

ጀናዛዋ በዚያው ቀን መጣልኝ፤ ከዐስር ሶላት በፊት ተቀበረች። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «ምን ሆና ነው?» ይላል። «ሆዷን አሟት» አልኩ። ካጠቧት ሴቶች አንዷ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እጄን ይዘው አይን አይኔን አዩኝና ምንም ሳይሉ ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውን መንገድ ላይ ሳይ እታጠፋለሁ።

በስልክ እናውራ ላልሽው አይሆንም። የቤታችን ግድግዳ አንድ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጋሽ ኑርሁሴን ናቸው፣ የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ። ሳል ሳይቀር ይሰማል። የአክስቴ ልጅ ሚስባህ በሚኒባሱ ስለሚመላለስ በእሱ እጅ ላኪልኝ።

አሁን እኔም ልጠይቅሽ። የልጄ ስልክ እኔ ጋ ነው። መጨረሻ የደወለችው ላንቺ ነው፤ በመስከረም ወር ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ። አብረን አድገን፣ አንድ ግቢ ኖረን፣ እኔ እንኳ በዓመት አሥራ አንድ ጊዜ አላገኘሁሽም። መስከረም መጨረሻ ላይ ወዳንቺ ስትመጣ ከመንገድ መልሰዋት ነበር። ምን ልታደርግ ነበር የምትመጣው? አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ እናቷ አላውቅም።

ሐዋ

—

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዋዬ፣

ደብዳቤሽን ክሊኒክ ውስጥ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቆሜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ያጽናሽ ልል እጄ ያዘኝ፤ ያንን ለማለት መጀመሪያ እውነቱን ልነግርሽ ይገባል።

ልጅሽ የደወለችልኝ ነርስ ስለሆንኩ ነው። አርግዛ ነበር። በፈቃዷ አይደለም፤ ተገዳ ነው። ማን እንደሆነ ነግራኛለች፤ ላልናገር ደግሞ አስምላኛለች፤ መሐላዋን አሁን አላፈርስባትም። ኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰው «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ሲላት ዞራ ወጣች። «አክስቴ፣ እዚህ አገር ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው፤ ተናግሬ ሳልጨርስ እማ ጋ ይደርሳል» አለችኝ። እኔ ጋ ነይ አልኳት። ሕጉ ለተደፈረች ሴት ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል። ቃሏ ይበቃል፤ ምስክር አምጪ፣ ባል አምጪ አትባልም። አንድ ቀን ነበር የሚፈጀው። ቤቴ አስተኝቼ ሾርባ አጠጥቼ በሦስተኛው ቀን እመልሳት ነበር።

መስከረም 28 መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኳት። ሚስባህ ብቻውን ወረደ። «ኬላ ላይ ከመኪና አወረዷት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። ደወልኩ፣ ደወልኩ፤ ላንቺ ግን አልደወልኩም። ቃሌን ጠብቄ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፈርቼሽ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሚስባህ ወረቀት ነበራቸው አለኝ፤ ስሟ የተጻፈበት፣ ማህተም ያለው። ሐዋ፣ ኬላው የልጅሽን ስም ከየት አገኘው?

ሰርካዲስ

—

ደሴ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካዲስ፣

ያቺን አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ስሟን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያለውን ነገር አታውቂም። የሰፈራችን ሴቶች ልጆች በባቲ አድርገው፣ ጅቡቲ ተሻግረው፣ በባሕር ዐረብ አገር እየሄዱ ስንቶቹ ቀሩ። የጋሽ ኑርሁሴን የልጅ ልጅ ባሕር ላይ ነው የቀረችው። ከዚያ በኋላ ይህን ኮሚቴ አቋቋሙ። ልጃቸው የጠፋችባቸው ወላጆች ይመጣሉ። ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የለበሰችው ልብስ ይጻፋል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ወረቀቱ ለየኬላው ይላካል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ግን «የሐዋ ጽሑፍ ይነበባል» ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። በሁለት ዓመት ሠላሳ አራት ስም ጽፌያለሁ። እጄን የሳሙኝ እናቶች አሉ።

መስከረም 27 የልጄ የፋብሪካ ጓደኛ ደወለችልኝ። «ኢስራ ልብሷን አስራለች፤ ነገ በጠዋት በአዲስ አበባው መኪና ልትሄድ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትናገርም» አለች። ከእኛ ሰፈር ሴት ልጅ በድብቅ ልብሷን ካሰረች ወዴት እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ አሁን ደላሎቹ በአዲስ አበባም በኩል ይወስዳሉ። ሌላ ነገር በሐሳቤ አልመጣም፣ ወላሂ። ሠላሳ አምስተኛውን ስም ጻፍኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ሰው አንመልስም ይሉኛል ብዬ «ዕድሜ 16» አልኩ። ጋሽ ኑርሁሴን ልጄ የተወለደች ቀን ገንፎ የበሉ ሰው ናቸው፤ ዕድሜዋን ያውቃሉ። አዩት፤ ዝም ብለው ማህተሙን መቱበት።

በማግስቱ የኬላው ሰው፣ ምንይሉ ይባላል፣ መኪና አሳፍሮ ላከልኝ። ለምስጋና አንድ ማዳበሪያ ጎመን ልኬለታለሁ።

ልጄ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዐረብ አገር አይደለም የምሄደው፣ እማ።»

«ታዲያ የት ነው?»

«አክስቴ ሰርካዲስ ጋ።»

«ለምን?»

ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ለምን እኮ ነው የምልሽ!»

«ለምን እንደሆነ ካልተናገርኩ መሄድ አልችልም?»

«አትችዪም» አልኳት።

ያልኩት እንዲህ ነው። ስልኳን ወሰድኩባት። አሥር ቀን ቤት አዋልኳት፤ ከዚያ ከሥራ ያባርሩኛል ብላ ስትለምነኝ ወደ ኮምቦልቻ ሰደድኳት፤ ስልኩን ግን አልመለስኩላትም። አከራይዋ በኋላ እንደነገረችኝ እዚያው ከተማ አንዲት ሴት ቤት ሄዳ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስትደማ ለማንም አልተናገረችም። በምን ትናገር? ስልኳ የእኔ ሳጥን ውስጥ ነው።

ይህን አንብበሽ ብታቃጥዪው ደስ ይለኛል። ባታቃጥዪውም አልፈርድብሽም።

ሐዋ

—

ደሴ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካዲስ፣

ሚስባህ ባዶ እጁን ሲመጣ ነገሩ ገባኝ። አልቀየምኩሽም። የዛሬው ደብዳቤ ግን ስለ እኔ አይደለምና እባክሽ መልሺልኝ።

አርብ ዕለት ከገበያ ስመለስ አንዲት ልጅ በሬ ላይ ተቀምጣ አገኘሁ። ፋኢዛ ትባላለች፤ የደጋን ከተማ ልጅ ናት፤ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እውነተኛ ዐሥራ ስድስት።

«እትዬ ሐዋ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ስሜን እንዳይጽፉብኝ።»

«ማን ጻፊ አለኝ?»

«አጎቴ ኮሚቴው በሚቀመጥበት ቀን ይመጣል። ዐረብ አገር ልትጠፋ ነው ብሏል። እኔ ወዲያ አይደለም የምሄደው።»

«ታዲያ የት ነው?» ልላት አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ዘጋሁት። አስገባኋትና ውሃ ሰጠኋት። ጋሽ ኑርሁሴን ሬዲዮናቸውን እስኪከፍቱ ዝም ብለን ተቀመጥን፤ ሬዲዮው ሲጮህ በጆሮዋ «ስንት ወር ሆነሽ?» አልኳት። ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።

የአሠሪዎቿ ልጅ ነው። እናቱ ጤና ባለሙያ ናቸው፤ ደሴ ውስጥ በየትኛውም በር ብትገባ የሚያውቃቸው ሰው ይቀመጣል። ለአጎቷ እንዳትነግረው ደግሞ እዚያ ቤት ያስቀጠራት እሱ ነው። ስለ አዲስ አበባ የሰማችው ከሌላ ሠራተኛ ነው፤ የምታርፍበትን አታውቅም፤ መታወቂያ የላትም። ስትነሳ ምን አለችኝ መሰለሽ? «በሰፈሩ እኮ ‘የኬላ እስክሪብቶ’ ነው የሚሉዎት። ሰው ሁሉ ወደዚህ እንዳልመጣ ነው የመከረኝ።»

እንዲህ እንደሚሉኝ አላውቅም ነበር።

ኮሚቴው የሚቀመጠው ታኅሣሥ 17 ነው። ብጽፍ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ባልጽፍ ሌላ ሰው ይጽፋል። ይህችን ልጅ ምን ላድርጋት? ሕጉ ለእሷም ይሠራል? እፈራለሁ ሰርካዲስ። ማታ ተኝቼ ሳይሆን ቀን በፀሐይ፣ ሰው መሀል ቆሜ ነው የምፈራው።

ሐዋ

—

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዋ፣

ዝም ያልኩሽ ልቀጣሽ አልነበረም ብዬ ልጽፍ ነበር። ነበር። ልቀጣሽ ነበር፤ ግን ይበቃኛል፤ እኔም ቀጪ የምሆንበት ንጹሕ እጅ የለኝም።

ልጅቷን ላኪያት፤ ብትችዪ ራስሽ አምጪያት። ስለ ሕጉ አትጨነቂ፤ የተደፈረች መሆኗም ዕድሜዋም ይበቃታል። ቀን ግን እንዳታባክኑ፤ ወሩ በገፋ ቁጥር ነገሩ ለእሷም ለእኛም ይከብዳል። መንገድ ላይ ለምን እንደምትሄድ ለማንም የመናገር ግዴታ የለባትም፤ ይህን ንገሪያት። የሆዷ ነገር የእሷና የሐኪሟ ነው፤ የሹፌር አይደለም፣ የኬላ አይደለም፣ የአጎት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምልሽ እዚህ ክፍሌ ተቀምጬ ነው። ሕጉ ክሊኒካችን በር ላይ ይጠብቃታል እንጂ ኬላው ላይ አብሯት አይቆምም። እዚያ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ያለ መታወቂያ እንዳትነሳ፤ ያለ መታወቂያ የመጣ ሁሉ ይመለሳል።

የጻፍሽውን አላቃጠልኩትም።

ሰርካዲስ

—

ደሴ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካዲስ፣

ኮሚቴው ዛሬ ተቀመጠ። አጎትየው መጣ፤ ጨዋ ሰው ይመስላል፤ ስለ ልጅቷ ሲናገር አይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። እውነቱን ነው፤ ባሕር ይበላታል ብሎ ነው የፈራው። እኔም ያኔ እንደዚሁ ነበርኩ።

«ጻፊ» አሉኝ ጋሽ ኑርሁሴን። «ፋኢዛ። ዕድሜ 16።»

«ጋሼ፣ እጄ አብጧል። ከቀዝቃዛው ውሃ ነው።»

እጄን አዩት። ማበጡ እውነት ነው፤ ሁልጊዜም ያብጣል።

«ለገዛ ልጅሽ ስትጽፊ አላበጠም ነበር» አሉ።

ክፉ ሰው አይደሉም ሰርካዲስ። ግን እንደዚያ አሉ። አጎትየው መሬት መሬት አየ። እኔም ቀስ ብዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ራሳቸው ጻፉ። መነጽራቸውን አልያዙም ነበርና ፊደሉ ወዲያና ወዲህ ተንጋደደ። ወረቀቱ ነገ ለኬላዎቹ ይላካል።

ስለዚህ በስሟ ማለፍ አትችልም። የኢስራን መታወቂያ ከሳጥን አወጣሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይላል። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ የሆነችውን ዐሥራ ስድስት አደረግኳት፤ ከነገ ወዲያ ዐሥራ ስድስት የሆነችውን ዐሥራ ዘጠኝ ላደርጋት ነው። ፎቶው አይመሳሰልም። የኢስራ ግንባር ሰፊ ነው፤ ፋኢዛ ፊቷ ጠባብ ነው። ሻርፑን ዝቅ አድርጌ አስሬላት አየሁት፤ አሁንም አይመሳሰልም። አንዴ ግን ወደ በሩ ስትዞር ከጎን አየኋትና ወጥቼ ግቢ ቆምኩ።

የምፈራው ምንይሉን ነው። ልጄን በእጁ ከመኪና ያወረደ ሰው ስሟን ይረሳል? እኔንስ? ለኮሚቴው ስብሰባ መጥቶ አይቶኛል፤ አመስግኜም ጎመን ልኬለታለሁ።

ለጋሽ ኑርሁሴን ኮምቦልቻ ወርጄ የልጄን ዕቃ ላመጣ ነው ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሚስባህ ጋር እንነሳለን። ይህ ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ ነው የሚመጣልሽ፤ እኛን ቀድሞ ከደረሰሽ መናኸሪያ ውጪ። ካልደረስን ደግሞ አትፈልጊን፤ ስልክም አትደውዪ።

ሐዋ

—

ደሴ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካዲስ፣

ልጅቷ ደርሳለች? ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። ሚስባህም አልተመለሰም። ይህን የምልከው በማላውቀው ሹፌር ነው፤ ስለዚህ ካነበብሽ በኋላ አንድ ቃልም ቢሆን ላኪልኝ።

አንቺ ጋ አብሬ ያልመጣሁበትን ልንገርሽ። ኮምቦልቻን ወጥተን ኬላው ላይ ስንደርስ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። መንገዱ ስለሚያስፈራ ተከታትለው ነው የሚነዱት፤ ወደ ኋላ የቀረ መኪና ብቻውን መግባት አይደፍርም። ምንይሉ ገባ። ወፍራም አለቃው ውጪ ጥላ ስር ቆሟል። ምንይሉ እጅ ላይ ወረቀቶች አሉ፤ የጋሽ ኑርሁሴንን ጠማማ ፊደል ከተቀመጥኩበት ለየሁት። የሁሉንም መታወቂያ እያየ መጣ። የኢስራን ተቀበለ። አነበበ። ቀና አለ።

«እትዬ ሐዋ?»

«አቤት።»

«ይህችን ልጅ መልሼልዎት አልነበር?»

«መልሰህልኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ራሴ ነኝ የምሸኛት።»

«የት?»

«አዲስ አበባ፣ እህቴ ጋ።»

«ለምን ጉዳይ?»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሠርግ አለ ልል ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን የልጄ ንግግር ነው።

«ለምን እንደሆነ ካልተናገርን መሄድ አንችልም?»

ከኋላ አንድ ሰውዬ «አሳልፋቸው እንጂ ወንድሜ! ሴትን ልጅ በአደባባይ ለምን ትሄጃለሽ ይባላል እንዴ? እኔን ለምን እንደምሄድ ጠየቅከኝ?» አለ። ሌላዋ ደግሞ «አንተንማ አይቶህ፣ የትም ብትሄድ የሚመልስህ አላገኘም» አለችው። ሰው ሳቀ። ምንይሉ አልሳቀም። መታወቂያውን አየ፣ ፋኢዛን አየ፣ እኔን አየ። ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያኔ ከመኪና ሳወርዳት ‘ብትመልሰኝ እሞታለሁ’ አለችኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። የእሷ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። እንዴት ናት?»

ልብ በዪ ሰርካዲስ። ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ «እንዴት ነሽ» አላላትም። «እንዴት ናት» ነው ያለኝ።

እውነቱን ብናገር እዚያው ያወርደናል፤ ወይም ደግሞ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ አላውቅም። መኪኖቹ ጥሩንባ እየነፉ ነው። በደብዳቤ ላይ እንኳ መጻፍ ያቃተኝን ቃል በአፌ አወጣሁት።

«ደህና ናት» አልኩት።

«ደህና ከሆነች ጥሩ» አለ። መታወቂያውን ለፋኢዛ መለሰላት። ጠማማውን ወረቀት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ አለቃው እንዲሰማ ጮክ ብሎ «ወላጅ ውረድና ፈርም!» አለኝ።

ወረድኩ። ቆርቆሮዋ ቤት ውስጥ መዝገብ አለ። «ፈቅጄ ሸኝቻለሁ ብለው ይጻፉ» አለኝ። ጻፍኩ። እኔ እናቷ ሐዋ፣ ልጄን ኢስራን በሙሉ ፈቃዴ ሸኝቻለሁ። ዕድሜ 19። ጽሑፌ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ትናንት ደግሞ ልጨርሰው አልፈለግኩም። በመስከረም መጻፍ የነበረብኝ ይህ ነው፤ ሌላ ወረቀት አይደለም። ስወጣ ሰልፉ ሄዷል። የመጨረሻው መኪና አቧራ ብቻ ነው ያየሁት። ፋኢዛ በመስኮት አይታኝ ይሆን አይሆን አላውቅም።

ብቻዋን ነው የሄደችው። ከእኛ ኬላ ወዲያ ስንት ኬላ አለ? በየአንዳንዱ ላይ ለምን ትሄጃለሽ ይሏት ይሆናል። እባክሽ ደርሳ ከሆነ ንገሪኝ።

ሐዋ

—

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዋዬ፣

ደርሳለች። መንገዱ ተዘግቶባቸው ሸዋሮቢት አድረው እሁድ ከሰዓት ገቡ። ያኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነበር የቆምኩት። ሚስባህ በሩን ሲከፍተው አይኔን ጨፍኜ ነበር።

ትናንት አለቀ። ደህና ናት፤ እውነተኛ ደህና። ካርድ ክፍል «ስምሽ ማነው?» ሲሏት ዞራ አየችኝ። «የራስሽን ንገሪያቸው» አልኳት። ፋኢዛ ብላ ስትናገር ድምፅዋ ከሰው ሁሉ በላይ ነበር። አሁን አልጋዬ ላይ ተኝታለች። መታወቂያውን ትራስ ስር አድርጋዋለች፤ ለእትዬ ሐዋ በእጇ ካልሆነ አልሰጥም ብላለች።

ሚስባህ ከነገ ወዲያ ይመጣል። ጎረቤትሽ ምን አሉ?

ሰርካዲስ

—

ደሴ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካዲስ፣

መልስሽን ሚስባህ ገበያ መሀል ሰጠኝ። እዚያው ካሮቱ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አልሐምዱሊላህ።

ጋሽ ኑርሁሴን ያሉትን ጠይቀሻል። ከኮምቦልቻ ባዶ እጄን መመለሴን አይተው ነበር፤ ሁለት ቀን ምንም አላሉኝም። በሦስተኛው ቀን የመዝገቡን ነገር ከኬላው ሰምተው በሬ ላይ ቆሙ። «ሐዋ፣ የሞተች ልጅ ፈርመሽ ሸኘሽ አሉኝ። አእምሮሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አሉ። አስገባኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኢስራ በምን እንደሞተች፣ ለምን ትሄድ እንደነበር። ስለ ፋኢዛ የት እንዳለች ግን አልነገርኳቸውም። «ዕድሜዋን አውቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አውቄ ነው ማህተሙን የመታሁት።» ሲወጡ ግድግዳውን ተደግፈው ነው የሄዱት። ይክሰሱኝ፣ አይክሰሱኝ አላውቅም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ ይመስለኛል። የኮሚቴውን ደብተር መልሼላቸዋለሁ፤ እስክሪብቶውን ለዚህ ደብዳቤ አስቀርቼዋለሁ።

ትናንት ሌላ ልጅ በሬ ላይ ተቀምጣ አገኘሁ። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። እዚህ ደሴ ለልጄ ሰደቃ አውጥቼ፣ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ አድርጎላታል። ያ ሁሉ ዱዓ የተደረገው ግን ሆዷን አሟት ለሞተች ልጅ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ካጠቧት ከእኚያ ትልቅ ሴትና ከጋሽ ኑርሁሴን በቀር እውነቱን እያወቀ የጸለየላት የለም። ስለዚህ ደብዳቤዎቼን አታቃጥያቸው። ክሊኒካችሁ ለሚመጡት ሴቶች፣ ልጃቸውን ይዘው በር ላይ ለሚፈሩት እናቶች አንብቢላቸው። ያነበበውም የሰማውም ሁሉ፣ እስላም ቢሆን እጁን ዘርግቶ፣ ክርስቲያን ቢሆን እንዳንቺ አማትቦ፣ ለልጄ ይለምንላት። ከመንገድ የተመለሰች ኢስራ ብላችሁ ጥሯት። እናቷ የመለሰቻት ብላችሁ ጥሯት፤ አላፍርም። አላህ ይማራት በሉልኝ፣ ጀነትን ይስጣት በሉልኝ።

ዕድሜዋንም አትሳሳቱ። ዐሥራ ዘጠኝ ነበር።

ሐዋ